የጎተራው ዋጋ በኩንታል

አዲስ ጎተራ ሊሠራ ሲታሰብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ይይዛል?» ብሎ ነው። ግንበኛው የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ሻጩም ፕሮፎርማውን የሚያዘጋጀው በዚሁ ቁጥር ነው። እኔና ወንድሜ የቤተሰባችንን እርሻ ከአባታችን ተረክበን ማስተዳደር ከጀመርን ወዲህ የማከማቻው ጉዳይ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ ዘንድሮ ቁርጡ ደረሰ። ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ የደረስኩበት እምነት ግን ስለ መያዣ አቅሙ አይደለም። ከዚያ በፊት መልስ የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። እህሉ ሲገባ ምን ያህል ደርቋል? የብድሩ ክፍያስ የሚደርሰው መቼ ነው?

ከመጀመሪያው ልጀምር። እህል ከታጨደና ከተወቃ በኋላም ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ሙቀትና ውኃ ያወጣል። እርጥበቱ በበዛ ቁጥር ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ነቀዙንና ሻጋታውን ይቀሰቅሳል፤ እነርሱም በተራቸው ሌላ ሙቀትና ሌላ እርጥበት ይጨምራሉ። አንዴ ይህ ዑደት ከጀመረ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢጠነክር አያቆመውም፤ እንዲያውም በደንብ የተዘጋና አየር የማያስገባ መጋዘን እርጥብ እህል ሲሞላበት ጉዳቱን ያብሰዋል። ስንዴም ሆነ በቆሎ ለወራት እንዲቀመጥ ከተፈለገ እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን ይኖርበታል። የዘር ባለሙያዎች የሚመሩበት አንድ ግምት አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር፣ ዘሩ የሚቆይበት ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል። እንግዲህ ለማድረቅ የሚወጣ ገንዘብ ጥቅሙ ጎተራውን በየዓመቱ እንደ አዲስ የመሥራት ያህል ነው።

አባታችን የእህል ድርቀት የሚለካው በጥርሱ ነው። አንዲት ፍሬ በመንጋጋው መሀል አስቀምጦ ይነክሳታል፤ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ዝም ብሎ ያልፋል፤ ለስለስ ካለች ደግሞ «ገና ነው ልጄ፣ ይሰጣ» ይላል። ጥርሱ አያሳስትም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ጥርሱ ቁጥር አለመናገሩ ነው። እኔ የእርጥበት መለኪያው እስኪገዛ ድረስ የምጠቀመው በጨው ነው። ንጹሕ የሆነ ደረቅ ጠርሙስ ይያዛል፤ እስከ ሲሶው እህል ይጨመርበታል፤ በላዩ አንድ ሁለት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ይደረግና ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ይናጣል። ከዚያ ለሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ጨው ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው ማለት ነው፤ ጨው ሳይጣበቅ ወደ ታች ከወረደ እርጥበቱ ከዚያ በታች ነው። በአንድ ወቅት ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ የተወሰደው ናሙና ጨዉን ጥርግ አድርጎ አወረደው፤ ከዚያው ጆንያ ከመሀሉ በመውጊያ የተወሰደው ግን በጠርሙሱ ጎን ላይ እንደ ውርጭ ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ ናሙና ከላይ ብቻ ወስዶ «ደርቋል» የሚል ሰው አያሳምነኝም።

ስለ ሻጋታ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ሽታውና ስለ ቀለሙ ነው። ጉዳዩ ግን ከዚያ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲጣራ መነሻው ሻጋታ የያዘው የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ አፍላቶክሲን የምንለው መርዝ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ለካንሰር ያጋልጣል፣ በተራ ምግብ ማብሰያ ሙቀትም አይጠፋም። እህሉን ለገበያም ሆነ ለራሱ ማዕድ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን እያወቀ በማድረቂያው ላይ ሊቆጥብ አይገባም ባይ ነኝ።

ስለዚህ በእኛ ዕቅድ ውስጥ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚሄደው ለማስጫው ነው። ደልደል ያለ፣ ውኃ የማያቁር፣ ከመሬቱ ከፍ ያለ የአርማታ መደብ፣ ድንገት ዝናብ ቢመጣ እህሉን የሚሸፍን ሸራ፣ አንድ አስተማማኝ የእርጥበት መለኪያ። ከጎተራው ጋር ሲነጻጸሩ ይህ ነው የሚባል ወጪ የላቸውም፤ ሆኖም ባየኋቸው ፕሮፎርማዎች ውስጥ አንዳቸውም አልተካተቱም። ማድረቅ ክብደት እንደሚቀንስ መታወቅም አለበት። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል እህል ወደ 13 በመቶ ሲወርድ የሚቀረው 94 ኩንታል ከ25 ኪሎ ገደማ ነው። የጎደለው ውኃ ነው፤ ማንም አልሰረቀውም። በቤተሰብ መካከል ይህ ስሌት አስቀድሞ ካልተነገረ ግን «እህሉ የት ገባ?» የሚል ጥርጣሬ ማስከተሉ አይቀርም።

ነቀዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ጠላት ነው። እንስቷ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ውስጡ ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። የሚፈለፈለው ትል ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሙቀቱ ከተስማማው በአንድ ወር ገደማ ጎልማሳ ነቀዝ ሆኖ በስቶ ይወጣል። አንዲት እንስት በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ለዓይን ጥርት ያለ የሚመስል እህል ወደ ጎተራ ሲገባ ነቀዙን በሆዱ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ መራባቱ ይቆማል ለማለት ያስደፍራል፤ በማራገቢያ ቀዝቃዛ የሌሊት አየር ወደ ክምሩ የማስገባት ዘዴ የመጣውም ከዚህ ነው። አየሩ ሌላም ጥቅም አለው። በትልቅ ክምር ውስጥ መሀሉ ሞቆ ዳሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበት በአየር ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና ከክምሩ አናት ላይ ይሰበሰባል። በደረቀ እህል አናት ላይ ቅርፊት መሰል ሻጋታ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ጣሪያው ሁልጊዜ አፍስሶ አይደለም።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ። አንድ ሜትር ኩብ ስንዴ ከ7.5 እስከ 8 ኩንታል ይመዝናል። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ክብ ሲሎ፣ ማለትም ከቆርቆሮ የሚሠራ ጎተራ፣ 50 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚይዝ ወደ 390 ኩንታል ስንዴ ይገባበታል። ቁመቱን ሳንነካ ስፋቱን ወደ 8 ሜትር ብናደርሰው የግድግዳው ቆርቆሮ በእጥፍ ሲጨምር የሚይዘው እህል አራት እጥፍ ይሆናል። ሻጩ «ትልቁን ውሰዱ፣ በኩንታል ሲሰላ ይረክሳል» የሚለው እውነቱን ነው። እውነቱ ግን የሚሠራው ለሚሞላ ጎተራ ብቻ ነው። በተጨማሪም አንድ ትልቅ ሲሎ አንድ ዓይነት እህል ብቻ ይይዛል፤ አንድ ጥግ ላይ የጀመረ ብልሽትም ሁሉንም ያሰጋል። የእኛ ምርጫ ሁለት መካከለኛ ሲሎዎች ናቸው፤ ለጊዜው አንዱ ብቻ ይሠራል።

መሠረቱ ላይ እልኸኛ ነኝ፤ ምክንያቴንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1895 ያንሰን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እህል በሲሎ ውስጥ እንደ ውኃ እንደማይጫን በሙከራ አሳይቶ ጽፏል። የውኃው ከፍታ በጨመረ ቁጥር ወለሉ ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል። እህል ግን ከግድግዳው ጋር ስለሚፋተግ፣ ከተወሰነ ከፍታ በኋላ የሚጨመረውን ክብደት አብዛኛውን የሚሸከመው ግድግዳው ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ሥር ያለው የመሠረት ቀለበት ከመሀለኛው ወለል ይልቅ ብርቱ መሆን አለበት። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። እህል ከሲሎ ሲወጣ ከመሀል ቀዳዳ መውጣት ይኖርበታል። በጎን በር ከተለቀቀ ግፊቱ ስለሚዛባ ቀጭኑ ግድግዳ ሊታጠፍ ይችላል። ለማውጣት ይመቻል ብሎ በጎን በኩል በር የሚቆርጥ ሠራተኛ ሲሎውን እያፈረሰው ነው።

ከፍ ያለ ወለል የዘመኑ ፈጠራ እንዳይመስለን። በዮርዳኖስ፣ ከሙት ባሕር አጠገብ ዽራዕ በተባለ ሥፍራ ከ11,000 ዓመት በፊት የተሠሩ ጎተራዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ነበር፤ ከሥር አየር እንዲዘዋወር፣ አይጥም በቀላሉ እንዳትደርስበት። የሚያስደንቀኝ ደግሞ ያከማቹት የዱር እህል መሆኑ ነው፤ ገና በእርሻ የተላመደ እህል አልነበራቸውም። ሰው ማረሱን በወጉ ሳይጀምር ማከማቸቱን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የወለሉን ከፍታ ለመቀነስ የቀረበልኝን ሐሳብ ጨርሶ አልተቀበልኩትም።

እህል ሁሉ ሲሎ ውስጥ መግባት አለበት የሚል አቋም የለኝም። ለዘርና ለጥራጥሬ አየር የማያስገባ ከረጢት የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ሁለት የፕላስቲክ ውስጠኛ ከረጢቶችና አንድ የተሸመነ ውጫዊ ከረጢት አለው። አፉ በደንብ ሲታሰር ውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ኋላም ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ብድርም አያስፈልገውም። አነስተኛ ምርት ላለው ገበሬ ከሲሎ በፊት ይህን እመክራለሁ። እኛም ዘራችንን የምናስቀምጠው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የጎተራን ወጪ በገንዘብ ሳሰላ ቁጥሩ ትርጉም አልሰጥ አለኝ፤ ዋጋው ዛሬ ሌላ ነገ ሌላ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ኩንታል ቀየርኩት፤ በአጨዳ ወቅት ዋጋ። ለምሳሌ እንዲያመች ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላቅርብ። 400 ኩንታል የሚይዘው ጎተራ መሠረቱንና ማስጫውን ጨምሮ የ120 ኩንታል ዋጋ ያስወጣል እንበል። 40 ኩንታሉ ከራስ፣ 80ው በብድር፤ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ። ጎተራው 20 ዓመት ቢያገለግል የእርጅና ቅናሹ በዓመት 6 ኩንታል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 9.6 ኩንታል፣ ጥገናው 2 ኩንታል ይሁን። ድምሩ 17.6 ኩንታል። ጎተራው ቢሞላም ባይሞላም ይህ ወጪ አይቀርም።

ከ400ው ውስጥ 150ው ለቤትና ለከብት ነው፤ 250ው ዋጋ እስኪሻሻል ተቀምጦ የሚሸጥ ነው። በማከማቻው 1 በመቶ ቢባክን 4 ኩንታል ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ወጪም አለ። 250ው ኩንታል በአጨዳ ጊዜ ቢሸጥ ኖሮ ገንዘቡ ዕዳ ይቀንስ ነበር፤ ለስድስት ወር መቀመጡ በዚሁ ወለድ ሲሰላ የ15 ኩንታል ዋጋ አለው። ሁሉም ሲደመር 36.6 ኩንታል ይሆናል። ይህ ለ250 ሲካፈል፣ ማስቀመጡ ኪሳራ እንዳይሆን ዋጋው በ15 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት ማለት ነው። ከ250ው ግማሹ ብቻ ተቀምጦ ቢሸጥ ደግሞ የሚያስፈልገው ጭማሪ ወደ 22 በመቶ ይወጣል። ትልቅ ጎተራ ሠርቶ ግማሹን ባዶ መተው የሚያስከፍለው ይህን ነው።

ይህ ስሌት በመጀመሪያ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል። አንድ ያልተቆጠረ ገቢ ግን አለ። በአሮጌው ማከማቻ አይጡ፣ ነቀዙና ፍሳሹ ከ400ው 5 በመቶ ቢያጠፉ የሚጎድለው 20 ኩንታል ነው። አዲሱ ይህን ወደ 4 ካወረደው 16 ኩንታል ተረፈ። ገበያው ምንም ሳይንቀሳቀስ ማለት ነው! የዋጋ ጭማሪ በእኔ እጅ አይደለም፤ ጎረቤት አገር ምርቱ ከሰመረ፣ መንግሥት እህል ካስገባ፣ ወይም ሁሉም ገበሬ እንደኔ ጠብቆ ባንድ ጊዜ ካወጣ ዋጋው ላይጨምር ይችላል። ከነቀዝ የሚተርፈው እህል ግን በእኔ ማድረቅ፣ በእኔ ጥረጊያ፣ በእኔ ቁጥጥር የሚወሰን ነው። ብድሩን የምመዝነው በዚህኛው ነው።

መመዘኛዬ እንዲህ ነው። ብድሩ በ8 ዓመት ቢከፈል የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 10 ኩንታል ዋናው ገንዘብ፣ 9.6 ወለድ፣ 2 ጥገና፣ ባጠቃላይ 21.6 ኩንታል ነው። ዋጋ ምንም ባይጨምር ከብክነት የተረፈው 16 ኩንታል አብዛኛውን ይሸፍናል፤ ከሌላ የሚፈለገው 6 ኩንታል አይሞላም። ይህን እንችላለን። ያንኑ ብድር በሁለት ዓመት ክፈሉ ብንባል ግን የመጀመሪያው ዓመት ከ50 ኩንታል ያልፋል፤ ለገበያ ካሰብነው አንድ አምስተኛው ነው። 20 ዓመት የሚያገለግል ነገር በሁለት ዓመት ክፍያ መግዛት ቤተሰብን ያናጋል። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለእርሻ ላይ ማከማቻ የሚሰጠው ብድር እንደ መጠኑ ከ3 እስከ 12 ዓመት የሚደርስ የመክፈያ ጊዜ ያለው መሆኑ አግባብ ነው።

ከዓመቱ ብዛት በላይ ግን የምከራከርበት ወሩ ነው። መጀመሪያ የቀረበልን ረቂቅ ውል ክፍያውን ያደረገው አጨዳ ባለቀ ማግስት ነበር። የብድር ባለሙያው «እህል በእጃችሁ የሚገባው ያኔ አይደል?» አለን፤ በቅን ልቦና እንደተናገረው አልጠራጠርም። ያኔ ግን የጉልበት ሠራተኛ ይከፈላል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ የልጆች ወጪም አለ። የጎተራው ክፍያ ከላዩ ሲጨመር ተቀምጦ እንዲሸጥ ካሰብነው እህል ብዙው በዝቅተኛው ዋጋ ይወጣል፤ ጎተራው ግማሹ ባዶ ይሆናል፤ ከላይ ያልኩት 22 በመቶም ይመጣል። ገበሬው ከአጨዳ ወቅት ዋጋ ለመሸሽ ተበድሮ፣ ብድሩ ራሱ መልሶ እዚያው ዋጋ ላይ ይጥለዋል።

በኒጀር የተሞከረው መንገድ በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጥቶኛል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ያሉ ገበሬዎች በአጨዳ ጊዜ እህላቸውን በጋራ መጋዘን ያስገባሉ። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በገበሬዎቹ ማኅበር፣ ሌላው በአበዳሪው እጅ። እህሉ መያዣ ሆኖ ወዲያው ብድር ይሰጣቸዋል፣ አስቸኳይ ወጪያቸውን ይሸፍኑበታል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት እህል በሚወደድበት ወቅት ነው። የክፍያው ቀን ከሽያጩ ቀን ጋር ተስማምቷል። ይህን አስረድተን የእኛ ክፍያ በስድስት ወር እንዲገፋ ጠየቅን። የእፎይታው ጊዜ ወለድ 4.8 ኩንታል ገደማ እንደሚያስወጣን አስልተን ነው የጠየቅነው፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ ይገባዋልም። ባለሙያው ስሌታችንን ተቀብሎ ወደ አለቆቹ ወሰደው፤ ውሉም በዚሁ ተሻሻለ።

ሳልጽፈው የማላልፈው የደኅንነት ጉዳይ አለ። እህል እየወረደ ባለበት ሲሎ ውስጥ የገባ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ይሰምጣል፤ እስከ ወገቡ የተዋጠን ሰው ጎትቶ ማውጣት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በሩ ቁልፍ ይኖረዋል፣ ቁልፉም ከአዋቂ እጅ አይወጣም፤ እህል በሚወርድበት ጊዜ ማንም አይገባም። የነቀዝ ማጥፊያ ጽላቶቹ የሚለቁት ፎስፊን ጋዝ ሰውንም ይገድላል፤ ሰው ከሚያድርበት ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ማከማቻ ውስጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ጎተራውን ከመኖሪያ ቤቱ ያራቅነው በዚህ ምክንያት ነው። ለእናታችን መንገዱ ረዘመባት፤ ምክንያቱን ስንነግራት ግን የበሩን ቁልፍ «ለእኔ ስጡኝ» ብላ እርሷው ወሰደችው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረን የማስጫውን አርማታ ከአጨዳው በፊት መሙላትና እስኪጠነክር መጠበቅ ነው። የሁለተኛው ሲሎ ቦታ ተለክቶ ችካል ተተክሎበታል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩና የጋሪው መንገድም እርሱን ታሳቢ አድርገው ተቀይሰዋል። መሠረቱን ግን አሁን አንቆፍርም። የመጀመሪያው ጎተራ ሁለት ተከታታይ ምርት ሞልቶ፣ ብክነቱ በእርግጥ ወደ 1 በመቶ መውረዱን በሚዛን ካየን በኋላ እንመለስበታለን።